ድምፁን አትከተሉት፦ የአየር ትርዒት ስለማየትና ፎቶ ስለማንሳት ደሴ ላይ ያወራሁት

(አንዷ ልጅ በስልኳ ቀድታው ነበር፣ ከሷ ሰምቼ ነው የጻፍኩት። እንደተናገርኩት ነው የተውኩት፣ የተደጋገመውን ብቻ ቀንሻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጋሼ እርስዎ እዚህ ጋ ይምጡ ወንበር አለ። እሺ። አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በሰርግ ነው፣ ከናንተ ውስጥ ያጋባኋችሁም አላችሁ፣ ዛሬ ግን ስለ ሰርግ አይደለም የማወራው፣ ቢሾፍቱ ሄጄ የአየር ኃይል ትርዒት ሳነሳ ስላየሁትና ስለተማርኩት ነው። ግን ቀጥታ ወደ ካሜራ ከገባሁ ነገሩ ጎዶሎ ይሆንብኛል፣ ምክንያቱም እኛ ደሴዎች ሰማይ የምናይበት መንገድ ከሌላ ሰው ይለያል ብዬ አምናለሁ።

እናቴን ልንገራችሁ። ጦርነቱ ደሴ ከደረሰበት ከ2014 ወዲህ የጄት ድምፅ ከሰማች የያዘችውን ታስቀምጣለች። ቡና እያፈላች ከሆነ ጀበናውን ከእሳት ታወርድና በሩ ላይ ትቆማለች፣ ምንም አትልም፣ ድምፁ ከጦሳ ተራራ ጋር ተጋጭቶ እስኪጠፋ ድረስ ትጠብቅና ጀበናውን መልሳ ትጥዳለች። ስንቶቻችሁ ቤት እንዲ ያለ ሰው አለ? … አያችሁ፣ እጅ ያላወጣ የለም ማለት ይቻላል።

አያቴ ደግሞ በፊት የነገረችን ሌላ ነው። ህዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ ትንሽ ልጅ ነበረች። ያኔ ጃንሆይ እዚሁ ደሴ ነበሩ፣ የውጭ ጋዜጠኞችና ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል መመታቱን ዓለም ያወቀው ባብዛኛው እነሱ ስለነበሩ ነው። ይሄንን ፎቶ የምታነሱ ልጆች ልብ በሉልኝ፣ እዚሁ እኛ ከተማ ውስጥ ካሜራ ምስክር የሆነበት ቀን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ ምትባለዋ፣ አዲስ አበባ ያረፈችው ነሐሴ 1921 ነው፣ እንግዲህ ደሴ ስትደበደብ አውሮፕላን አገራችን ከገባ ገና 6 ዓመት ምናምን ቢሆነው ነው። የኛን አየር ኃይል ያኔ ይመራ የነበረው ከአሜሪካ የመጣው ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነበር፣ የነበሩት አውሮፕላኖች ግን ጥቂት ናቸው፣ ባብዛኛው መሣሪያ የላቸውም፣ ሰውና መልእክት ማመላለሻ ናቸው።

እና አያቴ ምን ትላለች መሰላችሁ፣ መጀመሪያ ጉምጉምታው ነው የሚመጣው፣ ከዛ ነው ሰው ልጁን ይዞ ወደ ገደሉ የሚሮጠው፣ አውሮፕላኑ ከዛ በኋላ ነው የሚታየው። እኔ ልጅ ሆኜ ይሄ ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ ልክ ነበረች። የዛ ዘመን ቦምብ ጣይ በሰዓት 200 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው የሚበረው፣ ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 340 ሜትር አካባቢ፣ ማለትም በሰዓት ከ1200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ስለዚ ድምፁ አውሮፕላኑን ጥሎት ቀድሞ ይደርሳል። ጄት ላይ ይሄ ጨዋታ ይበላሻል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት በሰከንድ 250 ሜትር ይሄዳል። ከናንተ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲያልፍ ድምፁ ጆሯችሁ እስኪደርስ 3 ሰከንድ ይፈጃል፣ በዛች 3 ሰከንድ ውስጥ ጄቱ 750 ሜትር ሄዷል። ድምፁ መጣ ብላችሁ ቀና ያላችሁበት ቦታ ባዶ ሰማይ ነው።

ይሄንን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት፣ ከሜሞሪ ካርዴ ነው። ጥር 2017 ላይ ቢሾፍቱ የአየር ኃይሉ 89ኛ ዓመት ሲከበር በዘመድ በኩል የጥሪ ወረቀት አገኘሁና 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ሩቁን የሚያቀርብ ትልቅ ሌንስ ተከራይቼ ነበር፣ ሳልሞክረው ነው የተቀበልኩት፣ ውስጡ ያለው ማረጋጊያ ተበላሽቶ ኖሮ ምስሉ ቪውፋይንደር፣ ዓይናችንን የምናስጠጋበት ማያ፣ ውስጥ ይዘላል፣ ከዛን ቀን ወዲህ የተከራየሁትን እቃ እዛው ባንኮኒው ላይ ሳልፈትሽ አልወጣም። ለማንኛውም ማረጋጊያውን አጥፍቼ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ጄቶች ሲመጡ ሕዝቡ ጮኸ፣ እኔም ድምፁ ወዳለበት ዞሬ ተኮስኩ፣ ተኮስኩ፣ ከ300 በላይ ፎቶ። ጋብ ሲል ከፍቼ ሳይ ሰማይ። ሰማይ፣ ሰማይ፣ የጭራ ጫፍ፣ ሰማይ። ሰርግ ላይ ቀለበቱን ስቼ አላውቅም፣ እዛ ግን እጄ ባዶ ቀረ፣ ሆዴ ነው የተገላበጠው።

አጠገቤ አንድ አባት ተቀምጠዋል፣ ጡረታ የወጡ፣ በወጣትነታቸው የአውሮፕላን ጥገና ላይ የሠሩ ናቸው። ካሜራዬን አየት አረጉና «የኔ ልጅ፣ ድምፁን አትከተለው፣ ድምፁ ያለፈበት ነው። አፍንጫው የሚያይበትን እይ» አሉኝ። ከዛ ፕሮግራሙን ይነግሩኝ ጀመር፣ አሁን ከግራ ይመጣል፣ አሁን ይወጣል፣ አሁን ላይ ላይ ይገለበጣል እያሉ። እጃቸውን ጄት አድርገው፣ መዳፋቸውን እየገለበጡ። የዛን ቀን ካነሳሁት ውስጥ የሚረባው በሙሉ ከሳቸው ንግግር በኋላ የመጣ ነው።

ስለዚ ዋናው ነገር፣ በኔ እምነት፣ የአየር ትርዒት ፎቶ አውሮፕላኑ ሳይመጣ ነው የሚነሳው። ሰርግም እንደዛ ነው እኮ። ሙሽራው ቀለበት ሲያደርግ ደርሰህ አታነሳም፣ ቀለበቱ ከኪስ ሳይወጣ አንተ ቦታህን ይዘሃል፣ እናትየው የት ሆነው እንደሚያለቅሱ ታውቃለህ። አክሮባት የሚሠራ አብራሪም ሰማይ ላይ ያሻውን አይጫወትም፣ እያንዳንዱ ዙር ቀድሞ ተጽፏል፣ ተለማምዶታል፣ መስመሩና ከፍታው የታወቀ ነው። ከቻላችሁ የልምምዱን ቀን ሰማዩን እዩት፣ ካልቻላችሁ የመጀመሪያውን ዙር ካሜራ ሳታነሱ በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉት። አንድ ዙር ማጣት ሁሉንም ከማጣት ይሻላል።

ሉፕ ሚባለውን እንይ። ጄቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ጀርባው ላይ ይተኛል፣ ከዛ ወደታች ይመለሳል፣ ትልቅ ክብ። ድንጋይ ወደላይ ስትወረውሩ ጫፉ ላይ ደርሶ ለቅጽበት እንደሚዘገየው ጄቱም ከላይ ጫፉ ላይ ይዘገያል፣ ፍጥነቱን በከፍታ ለውጦታላ። እዛ ጋ ነው መጠበቅ። ደግሞ እዛ ጋ ጀርባው ላይ ስለሆነ የላይኛው ክፍሉ፣ ኮክፒቱ፣ ወደናንተ ሊዞር ይችላል። ከታች የሚታይ አውሮፕላን ሆድና ጎማ መያዣ ነው፣ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ ፎቶው ላይ ነፍስ ሚሰጠው ጀርባው ሲታይ ነው። ስለዚ ሲጋደም፣ በአንድ ክንፉ ቆሞ ሲያልፍ፣ ወደኛ ጎን ሲጠመዘዝ፣ እነዚህን ጠብቁ።

አየሩም ጉዳይ አለው። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል ወደ 1900 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻም ከሱ ብዙ አይርቅም፣ ደሴ ደግሞ ይበልጣል። በዛ ከፍታ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፣ ሙቀት ሲጨመርበት ደሞ ይብሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰው ሲያንስ፣ ጄቱ ለመነሳት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል፣ ክቡም ሰፋ ይላል። በኢንተርኔት ያያችሁትን የአውሮፓ ትርዒት እዚህ ስትጠብቁ ጄቱ ከፍሬማችሁ የሚወጣው ለዛ ነው፣ ዙሙን ትንሽ ቀነስ አድርጉ፣ በኋላ ክሮፕ ይደረጋል፣ ትርፉ ይቆረጣል።

አሁን ሹተር ስፒድ፣ ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ ርዝመት። ለጄት ቀላል ነው፣ 1/1000 ሰከንድና ከዛ የፈጠነ፣ እኔ 1/1600 ላይ ነው የምሠራው። ስህተቱ የሚመጣው ሄሊኮፕተርና ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ላይ ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት የሚመጣውን ኪው 400 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ባለ 6 ምላጭ ፕሮፔለር ያለው። ሲነሳ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1020 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 17 ጊዜ ማለት ነው። በ1/1000 ብታነሱት ምላጩ የሚንቀሳቀሰው 6 ዲግሪ ብቻ ነው፣ ፎቶው ላይ የቆመ ይመስላል፣ ሞተሩ ጠፍቶ የተንጠለጠለ። በ1/100 ግን 60 ዲግሪ ይሄዳል፣ በምላጭና በምላጭ መካከል ያለው ክፍተትም 60 ዲግሪ ነው፣ ስለዚ ሙሉ ክብ፣ የሚያምር ስስ ክብ ሆኖ ይወጣል። ሄሊኮፕተር ይብሳል፣ ኤምአይ 17 ላይ ያለው ትልቁ ማራገቢያ በደቂቃ 192 ጊዜ ብቻ ነው የሚዞረው፣ በ1/60 እንኳን የሚሄደው 20 ዲግሪ አይሞላም። ትልቁን ሌንስ ይዞ በ1/60 ማንሳት ከባድ ነው፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ይበላሻል፣ ይበላሽ፣ አንዱ ይበቃል። እኔ ቢሾፍቱ ላይ ከጄቱ ወደ ሄሊኮፕተሩ ስዞር 1/1600ውን መቀየር ረሳሁና ማራገቢያው እንጨት መስሎ ቆሞ ቀረብኝ፣ ሰማይ ላይ በክር የታሰረ መጫወቻ ነው የሚመስለው፣ ያንን ፎቶ ለማንም አላሳየሁም። እናንተ እንዳይደርስባችሁ ካሜራችሁ ላይ ሁለት ሴቲንግ አስቀምጡ፣ አንድ ለጄት አንድ ለማራገቢያ፣ በአንድ ጣት የሚቀየር።

ብርሃኑን ደግሞ በሰርግ ልንገራችሁ፣ ይሄ እኛን ሙያተኞቹን ሁልጊዜ የሚያታግለን ነው። ጠይም ሙሽራ ነጭ ቬሎ ለብሳ ስትቆም ካሜራው ቬሎውን ያይና ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊቷ ይጠፋል። ሰማዩም ቬሎ ነው። ካሜራው ሰፊውን ብሩህ ሰማይ አይቶ ያጨልማል፣ ጄቱ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን ሚባለውን፣ የፎቶውን ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻውን፣ ወደ ፕላስ 1 አካባቢ አድርጉት፣ ደመና ከሆነ ትንሽ ጨምሩ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ጥልቅ ሰማያዊ ከሆነና ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነ ግን ቀንሱ። በራው፣ ካሜራው ሳይጨምቅና ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ፋይል፣ አንሱ። ፎከሱ የሚከታተለው ዓይነት ይሁን፣ ካኖን ላይ ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤኤፍ ሲ። እና እባካችሁ በርስቱን፣ ተከታታይ ተኩሱን፣ ተጭናችሁ አትያዙ፣ ካሜራው ይሞላና ልክ ጄቱ ሲገለበጥ ይቆምባችኋል፣ በአጭር በአጭሩ ነው።

ሰውነታችሁስ? እግራችሁን አውሮፕላኑ ወደሚጨርስበት አቅጣጫ ተክላችሁ ቁሙ፣ ወገባችሁን ወደሚመጣበት ጠምዝዙ፣ ከዛ እየተፈታችሁ ተከተሉት። ያን ጊዜ የሚመቻችሁ ቦታ ላይ ነው ዋናው ፎቶ የሚመጣው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና መጨረሻ ላይ ወገቡ አልዞር ይለዋል። ተኩሳችሁ ስትጨርሱም አታቁሙ፣ ትንሽ ተከተሉት።

ሁለት ጄቶች ከግራና ቀኝ መጥተው የሚተላለፉበት ደግሞ አለ፣ ሕዝቡ እልል የሚልበት። እያንዳንዳቸው በሰዓት 700 ቢበሩ በሰከንድ 390 ሜትር ገደማ ነው የሚቀራረቡት፣ የሰው ጣት ዓይን ያየውን ለመታዘዝ ደሞ አንድ አምስተኛ ሰከንድ ይፈልጋል፣ በዛ ውስጥ ወደ 80 ሜትር ተቀራርበዋል። «አሁን!» ብላችሁ ብትጫኑ አልፈዋል። አንዱን ምረጡ፣ እሱን ብቻ ተከተሉ፣ ሌላው ፍሬማችሁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በርስቱን ጀምሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከፊት ለፊት ገመድ ወይ አጥር አለ፣ ጠባቂዎቹ ከዛ እንዳታልፉ ይሏችኋል፣ ፎቶ አንሺ ደግሞ ሁሌም አንድ እርምጃ ወደፊት ማለት ይወዳል፣ እኔም እንደዛው ነኝ። ትርዒቱ የሚበርበት መስመርና ሕዝቡ የሚቆምበት መስመር የሚራራቁት በደም በተገኘ ትምህርት ነው። ሐምሌ 2002 በአውሮፓውያኑ፣ ዩክሬን ሊቪቭ አጠገብ፣ ልክ እኛ ያለን ዓይነት ሱ 27 የሚባል ተዋጊ ጄት ትርዒት ላይ እያለ ሕዝቡ መሀል ወድቆ 77 ሰው ሞቷል፣ ሕፃናት አሉበት። እና ገመዱ ጋ ስትደርሱ ቁሙ፣ በቃ። ለልጆች የጆሮ መከላከያ ያዙ፣ የሱ 27 አንዱ ሞተር ብቻ በአፍተርበርነር፣ ጭስ መውጫው ላይ ነዳጅ ተጨምሮ ሲቃጠል፣ ከ12 ቶን በላይ ይገፋል፣ ደረታችሁ ውስጥ ነው የሚሰማችሁ፣ የሕፃን ጆሮ አይችለውም። ውሃና ኮፍያ መቼም አልነግራችሁም።

ስልክ ብቻ ያላችሁ ልጆች አትዘኑ። በስልክ ዙም አድርጋችሁ ጄት አታሳዱ፣ ነጠብጣብ ነው የሚሆነው። መሬት ላይ የቆሙትን አንሱ፣ ጭሱ ሰማይ ላይ የጻፈውን በሰፊው አንሱ። ያ ጭስ እሳት አይደለም በነገራችን ላይ፣ ዘይት ወይም ናፍጣ ነው፣ የጋለው የሞተር ጭስ ውስጥ ይረጩትና ይተንና መልሶ ጤዛ ይሆናል። ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ቀድማችሁ እዩ፣ ወደናንተ ከመጣ ቀጣዩ ትርዒት ይደበዝዝባችኋል።

አሁን አንዱን ፎቶ ላሳያችሁ። መብራቱን አጥፉልኝ እስቲ። … ይሄ ነው። ሱ 27 ነው፣ ወደኛ ጎን ተጋድሞ ሲዞር። ክንፉ ጫፍ ላይ ያለው ብርሃን የከሰዓት ፀሐይ ነው። እዚህ ጋ፣ ኮክፒቱ ውስጥ፣ ነጭ ነገር ይታያችኋል? የራስ ቁሩ ነው። ጭንቅላቱ ወደላይ ነው ያዘነበለው፣ ወደሚዞርበት እያየ ነው፣ ያ ሽማግሌ እንዳሉኝ።

ይሄን ፎቶ አሳጥቤ ቤት ሳመጣ እናቴ መነጽሯን አርጋ ረጅም ሰዓት አየችው። ጣቷን ነጯ ነጥብ ላይ አደረገችና «ሰው አለበት እንዴ?» አለችኝ። አለበት እማዬ፣ አብራሪው ነው አልኳት። «ስንት ዓመቱ ይሆናል?» አለች። አላወቅኩም። ፎቶውን አልሰቀለችውም፣ አልመለሰችልኝምም፣ መሳቢያ ውስጥ ከወረቀቶቿ ጋር አስቀምጣዋለች። እነዚህ የጦር መሣሪያዎች ናቸው፣ ያንን ለማንም አልደብቅም፣ ውብ ናቸው ስላችሁ ምን እንደሚሠሩ ረስቼ አይደለም፣ ደሴ ተወልዶ ያንን የሚረሳ የለም። ግን ድምፁን ብቻ ስንሰማው ለኖርነው ነገር መልኩን አይቻለሁ፣ ለሷም አሳይቻታለሁ።

እሺ ጥያቄ። … አንቺ፣ አዎ። የት ነው የምንለማመደው? ጥሩ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የት እንደማትለማመዱ ልንገራችሁ። ኤርፖርት አጥር ጥግ ሄዳችሁ ያለ ፈቃድ አታንሱ። እኔ አንድ ጊዜ አንድ ኤርፖርት አጠገብ ከመንገድ ዳር ሌንሴን ሳወጣ ጠባቂው መጣና ግማሽ ቀን አስቀመጠኝ፣ ካርዱን አጸዳው፣ የአንድ ደንበኛዬ የምርቃት ፎቶም አብሮ ሄደ። ለዛች ልጅ ምን ብዬ እንደነገርኳት እኔ ነኝ የማውቀው። የትርዒት ቀን የተፈቀደ ቀን ስለሆነ ነው ውድ የሆነው፣ በዛን ቀን ደግሞ አትማሩም፣ ተምራችሁ ነው የምትሄዱት።

መለማመጃውን ደግሞ እግዜር ሰጥቶናል፣ ጭልፊት። ሥጋ ቤቶቹ አካባቢ ጠዋት ጠዋት ስንት ጭልፊት ነው የሚያንዣብበው! ይጋደማል፣ ይገለበጣል፣ ድንገት ይወርዳል፣ ጀርባውን ሲያሳይ ለአፍታ ነው። ጭልፊትን ጥርት አድርጎ የያዘ ልጅ ጄት አያቅተውም፣ እንዲያውም ጄቱ ይቀለዋል፣ ጄት የተጻፈለትን ነው የሚበረው። ለፓኒንግ፣ የሚሄደውን እየተከተሉ ለማንሳት፣ ደግሞ ባጃጅ አለላችሁ፣ ከላይ ወደታች ሲወርድ በ1/60 ተከተሉት፣ ባጃጁ ጥርት ብሎ ጎማው ዞሮ ከኋላ ያለው ግድግዳ ሲሰመር ሄሊኮፕተሩን ቻላችሁት ማለት ነው። ሾፌሩን ግን አስፈቅዱ።

ጋሼ፣ እርስዎ ጥያቄ አልዎት? … እንዴት አወቅክ አሉኝ፣ ያ የራስ ቁር መሆኑን። አሳድጌ አየሁት ጋሼ፣ ከጥቁሩ መከለያ በታች አገጩ ይታያል።

በቃ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሰኞ ገበያ እንገናኝ፣ ፀሐይዋ ከፍ ሳትል። ባትሪ ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፣ ካርዳችሁን ባዶ አድርጉት፣ ሌንስ የሌለው ልጅ ካለ ሁለት ትርፍ አለኝ ተራ በተራ ነው።